ያኔ ከተቻለ ዛሬ ለምን ከበደ? ስለ ጨረቃ ጉዞ የተሠራው ተከታታይ ድራማ የሚያስረዳንና የሚዘልለው

ናሳ ሰዎችን ዳግም ወደ ጨረቃ ለመላክ የጀመረው የአርቴሚስ ፕሮግራም ዜና በሆነ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ብቅ ይላል። በ1969 በአፖሎ ፕሮግራም ጨረቃ ላይ ከወረዱ፣ ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ኮምፒውተር ባለበት ዘመን ነገሩ ለምን እንዲህ ከበደ? ቀኑስ ለምን በየጊዜው ይገፋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚሰጡት መልሶች ግን ብዙ አያራምዱም። አንዱ ወገን «ድሮም ፊልም ነበር» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው «የድሮዎቹ ጀግኖች ነበሩ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ሥራው እንዴት እንደተሠራ አይነግሩንም፤ መልሱ ያለው ደግሞ እዚያው ሥራው ውስጥ ነው።

ሥራውን ከውስጥ ለማየት ወፍራም የኢንጂነሪንግ መጽሐፍ ማገላበጥ ግዴታ አይደለም። «ፍሮም ዘ ኧርዝ ቱ ዘ ሙን» የሚባል 12 ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ድራማ አለ። በእኛ አነጋገር «ከምድር ወደ ጨረቃ» ልንለው እንችላለን። የአሜሪካው ኤችቢኦ ጣቢያ በ1998 ነው ያሳየው። ከሃያ ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም፣ ዛሬ ስለ አርቴሚስ ለሚነሳው ክርክር ከብዙ አዳዲስ ቪዲዮዎች የተሻለ ያስረዳል። የሚዘላቸው ነገሮችም አሉት፤ እነሱንም እናያለን። እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራማው ምን ዓይነት ነው?

ዘውጉ ሚኒ ሲሪየስ ይባላል። ታሪኩን ጀምሮ በተወሰኑ ክፍሎች የሚጨርስ፣ በየዓመቱ የማይቀጥል ድራማ ማለት ነው። ዋናው አዘጋጅ ተዋናዩ ቶም ሃንክስ ነው። ከእሱ ጋር ዳይሬክተሩ ሮን ሃዋርድና ፕሮዲዩሰሩ ብራያን ግሬዘር ሠርተዋል። በወቅቱ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ ተነግሯል፤ ለቴሌቪዥን ያኔ በጣም ብዙ ገንዘብ ነበር። የዓመቱን ምርጥ ሚኒ ሲሪየስ የኤሚ ሽልማትም ወስዷል። በ2019 ደግሞ፣ የመጀመሪያው ማረፍ 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ የጠፈር ምስሎቹ በአዲስ የኮምፒውተር ሥራ ተተክተው እንደገና ወጥቷል።

የሚለየው ታሪኩን በአንድ ጀግና ላይ አለመንጠልጠሉ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማዕዘን አለው። አንዱ ክፍል ስለ አንድ የእሳት አደጋ ምርመራ ነው። ሌላው ስለ አንድ ፋብሪካ ኢንጂነሮች። አንዱ አብራሪዎችን ድንጋይ መለየት ስላስተማረ የጂኦሎጂ መምህር፣ ሌላው ቤት ሆነው ስለሚጠብቁ ሚስቶች። የአፖሎ 13 አደጋ (በ1970 ወደ ጨረቃ ሲሄድ የኦክስጅን ታንኩ ፈንድቶ ሳያርፍ የተመለሰው ጉዞ) እንኳ ከመንኩራኩሩ ውስጥ አይተረክም። ሃንክስና ሃዋርድ ያንን ታሪክ በ1995 በፊልም ሠርተውት ስለነበር፣ እዚህ ከጋዜጠኞች በኩል ነው የምናየው። ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም። ሁለት ሰዓት ያለው ፊልም ሦስት ፊቶችን አስታውሶ ከመሄድ ብዙም አያልፍም። 12 ክፍል ያለው ድራማ ግን የበረራ ልብስ ለብሰው የማያውቁትንም ማሳየት ይችላል። በአፖሎ ውስጥ በተለያየ ደረጃ የሠሩት ሰዎች ወደ 400,000 ይጠጋሉ፤ ጨረቃን የረገጡት 12 ናቸው።

የቱን እንመን?

ሥራው ዶኩድራማ ነው። ዶኩድራማ ማለት የሆነን ነገር በተዋናዮች መልሶ የሚያሳይ ድራማ ነው። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ቀኖቹ እውነተኛ ናቸው፣ ዝግ በር ውስጥ የተባለው ቃል ግን በአብዛኛው የጸሐፊው ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ተመልካቹ ግን ማወቅ አለበት።

በዚህ ድራማ ውስጥ ከጠፈርተኞችና ከምድር ተቆጣጣሪዎች የምንሰማው የሬዲዮ ንግግር በአብዛኛው ከተቀዳው ድምፅ ጋር ይቀራረባል፤ ቅጂዎቹ ስላሉ ማንም ማወዳደር ይችላል። በአንጻሩ በብዙ ክፍሎች ብቅ የሚለው ሽማግሌው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ኤሜት ሲቦርን የተፈጠረ ሰው ነው። በአፖሎ 13 ክፍል ላይ ከአንድ ወጣት ዘጋቢ ጋር የሚገባው ፍትጊያም እንዲሁ። እሱ መረጃ ለማስረዳት ይሞክራል፤ ወጣቱ የተጨነቁ ቤተሰቦችን በር ያንኳኳል። ሁለቱ ሰዎች ባይኖሩም፣ ዜና እንዴት ከማስረዳት ወደ ስሜት ማራገብ እንደሚንሸራተት የሚያሳዩት ነገር የዘመናችንም ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ዘውግ አለ፤ ብዙ ሰው የሚቀላቅለውም እሱን ነው። በ2019 በጀመረው «ፎር ኦል ማንካይንድ» በተባለ ሌላ ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ሶቪየቶች ቀድመው ጨረቃ ላይ ይወርዳሉ፣ የጠፈር ፉክክሩም አይቆምም። እሱ «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ» ብሎ የሚነሳ ልብ ወለድ ነው። የሁለቱ ቁርጥራጮች በአጫጭር ቪዲዮ ጎን ለጎን ሲመጡ ልዩነታቸው አይታይም። ስለዚህ ከድራማ የተቆረጠ ነገር ሲያጋጥም፣ ከየትኛው እንደሆነ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ትልቁ ክርክር፦ በአንድ ሮኬት ወይስ በትንሽ ጀልባ?

ከ12ቱ ክፍሎች ስለ ጨረቃ ጉዞ ምንነት ከሁሉም በላይ የሚያስረዳው አምስተኛው ነው። ርዕሱ «ሸረሪት» ነው። ጠፈርተኞች ዋና ገጸ ባሕርያት አይደሉም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማሽን ነው፤ ጨረቃ ላይ የምታርፈው መንኩራኩር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በግንቦት 1961 ለምክር ቤቱ «አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ አውርደን እንመልሳለን» ሲሉ፣ የአሜሪካ የሰው ጠፈር ልምድ በጠቅላላው የአላን ሼፐርድ የ15 ደቂቃ በረራ ነበር። በምን መንገድ እንደሚሄዱ የሚያውቅ አልነበረም። የመጀመሪያው ሐሳብ ቀጥታ ነበር፤ አንድ ግዙፍ ሮኬት ተነስቶ፣ ሙሉ መንኩራኩሩን ጨረቃ ላይ አሳርፎ፣ እዚያው አስነስቶ መመለስ። ይህን ለማድረግ ግን በኋላ ተሠርቶ ሰዎቹን ወደ ጨረቃ ከወሰደው ሳተርን 5 ሮኬት እንኳ በጣም የሚበልጥ ሮኬት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሐሳብ ዕቃውን በብዙ ሮኬት አውጥቶ ምድር ምህዋር ላይ፣ ማለትም ምድርን እየዞሩ፣ መገጣጠም ነበር።

ጆን ሁቦልት የሚባል የላንግሊ ምርምር ማዕከል ኢንጂነር ሦስተኛውን ይዞ ተሟገተ። ዋናው መንኩራኩር በጨረቃ ዙሪያ እየዞረ ይቆይ፤ ሁለት ሰዎች ብቻ በትንሽ ማረፊያ ይውረዱ፤ ሲጨርሱ የማረፊያዋ ላይኛው ግማሽ ተነስቶ ከዋናው ጋር ይገናኝ፤ ከዚያ እሷ ትጣል። ጥቅሙ ክብደት ነው። ጨረቃ ላይ የሚወርድ እያንዳንዱ ኪሎ ለማውረጃ ነዳጅ ይፈልጋል፤ መልሶ የሚነሳም ከሆነ ለመነሻ፤ ያ ነዳጅ ራሱ ደግሞ ከምድር ለመነሳት ሌላ ነዳጅ ይፈልጋል። ለመመለሻ የሚያስፈልገውን ከባድ ነገር ሁሉ እላይ ጥሎ መውረድ ሮኬቱን ወደሚቻል መጠን ያወርደዋል።

የተቃወሙት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ሁለት መንኩራኩሮች ጠፈር ላይ ተፈላልገው ሲገናኙ ያኔ ማንም አይቶ አያውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው በታኅሣሥ 1965 ነው። ያንን ነገር ከምድር 380,000 ኪሎ ሜትር ርቆ መሞከርና ቢከሽፍ ሁለት ሰዎችን እዚያው መተው ለብዙዎች የማይታሰብ ነበር። ሁቦልት ግን የአለቆችን ሰንሰለት ዘሎ በኅዳር 1961 ለናሳ ከፍተኛ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፈ። ብዙ ስብሰባና ስሌት አለፈ። በሰኔ 1962 ምድር ምህዋር ላይ የመገጣጠሙ መንገድ ዋና ደጋፊ የነበረው የሮኬት መሐንዲሱ ቨርነር ፎን ብራውን ሐሳቡን ቀየረ። በሐምሌ ውሳኔው ይፋ ሆነ። ትልቅ ባለሙያ በብዙ ሰው ፊት «የሌላው ሐሳብ ይሻላል» ሲል ማየት ብርቅ ነው፤ ድራማው ይህን ማስታወሱን በጣም አደንቃለሁ።

ከዚያ ሥራው ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ቤትፔጅ ወደሚገኘው ግራማን ኩባንያ ሄደ። ቶም ኬሊ የሚመራው ቡድን ከዚያ በፊት ማንም ያልሠራውን ዓይነት መንኩራኩር መሥራት ነበረበት፤ አየር ባለበት ቦታ ፈጽሞ የማትበር፣ ስለዚህ ቅርጿ ምንም ቢሆን ግድ የሌላት። ኪሎ ለመቀነስ የሄዱበት መንገድ የሚገርም ነው። ትልልቅ መስኮቶች ነበሩ፤ አሳነሷቸው። ወንበሮች ነበሩ፤ አወጧቸው። ሰዎቹ ቆመው ያብርሩ ተባለ፤ ቆመው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ትንሿ መስኮት ስለሚያስጠጉ ውጩን የባሰ ሳይሆን የተሻለ አዩ። እግሮቿ አምስት ነበሩ፤ አራት ሆኑ። የግድግዳዋ ብረት በኬሚካል እየተላጠ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ የማይበልጥ ሆነ።

ይህ ሁሉ ጊዜ በላ። ማረፊያዋ በ1968 ሰው ለመያዝ አልደረሰችም። አፖሎ 8 በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ወደ ጨረቃ ያለማረፊያ የሄደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት ሶቪየቶች ሰው ልከው ጨረቃን በመዞር ይቀድማሉ የሚል ስጋት ነበር። ዛሬ በግጥምና በፎቶ የምናስታውሰው፣ ምድር ከጨረቃ አድማስ ላይ ስትወጣ የታየችበት ጉዞ፣ ከአንድ ፋብሪካ መዘግየት ጋር የተያያዘ ነበር። በመጨረሻ ማረፊያዋ በመጋቢት 1969 በአፖሎ 9 ምድር ምህዋር ላይ በሰው ተሞከረች። የጥሪ ስሟም ሸረሪት ተባለ። ከዚያ ስድስት ጊዜ አረፈች። ለሁለት ሰው ለሁለት ቀን ገደማ የተሠራችው መንኩራኩር በአፖሎ 13 ጊዜ ሦስት ሰዎችን ወደ አራት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ በሕይወት አቆየች።

እሳቱና ችኮላው

ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው ሮኬት ሳይነሳ ነው። በጥር 27 ቀን 1967 ገስ ግሪሶም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ መሬት ላይ በተለመደ ሙከራ ውስጥ ሳሉ በመንኩራኩራቸው ውስጥ በተነሳ እሳት ሞቱ። ድራማው አደጋውን አያራዝመውም። የሚያራዝመው ምርመራውን ነው።

ምክንያቶቹ ተደራርበው ነበር። መንኩራኩሩ በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር፤ ያውም ከውጭው አየር በበለጠ ግፊት። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ በተለመደው ጊዜ ቶሎ የማይያያዝ ነገር እንኳ በሰከንዶች ይነዳል። ውስጡ ተቀጣጣይ ቁሳቁስና የተጋለጠ ሽቦ ነበረበት። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር፤ እሳቱ ግፊቱን ሲጨምረው ማንም ጉልበተኛ ሊስበው አይችልም። ከሁሉም በላይ ግን ሙከራው «አደገኛ» ተብሎ አልተመደበም ነበር፤ ነዳጅ ስላልነበረ። አደጋውን የሚፈልጉት ሮኬቱ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው ይዞ ለመብረር ወደ 21 ወር ፈጀ። በሩ ወደ ውጭ በሰከንዶች የሚከፈት ሆኖ ተሠራ። መነሻ ላይ የመንኩራኩሩ አየር ከናይትሮጅን ጋር ተቀላቀለ። ልብሱ እንኳ በማይነድ ጨርቅ ተቀየረ። ዛሬ አርቴሚስ ሲዘገይ «ፈሪዎች ሆኑ» የሚሉ አሉ። ያ 21 ወር ግን ከድፍረት ዘመኑ ውስጥ ነው ያለው።

ለምን ቆመ?

የመጨረሻዎቹ ሰዎች ጨረቃን የለቀቁት በታኅሣሥ 1972 ነው። «ከዚያ በኋላ ለምን አልሄዱም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጥርጣሬ ይወልዳል። መልሱ ግን በአደባባይ ያለ የበጀት ታሪክ ነው።

አፖሎ የሳይንስ ፕሮግራም ሆኖ አልጀመረም። የሶቪየቱ ዩሪ ጋጋሪን በሚያዝያ 1961 ምድርን ዞረ፤ በዚያው ወር አሜሪካ የደገፈችው የኩባ ወረራ በአሳማ ባሕረ ሰላጤ ከሽፎ ተዋረደች። ኬኔዲ ሶቪየቶችን ሊቀድሙ የሚችሉበት ዓላማ ፈለጉ። ለዚያ ዓላማ ገንዘብ ያለገደብ ፈሰሰ፤ በ1966 ናሳ ከፌዴራሉ በጀት ከ4 በመቶ በላይ ይወስድ ነበር። ዛሬ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ውድድሩን ሲያሸንፉ የገንዘቡም ምክንያት አበቃ። እንዲያውም በጀቱ መውረድ የጀመረው ከማረፉ በፊት ነው። በ1970 ከታቀዱት ጉዞዎች ሦስቱ ተሰረዙ።

ሕዝቡም በአንድ ድምፅ አላጨበጨበም። በ1960ዎቹ በተደረጉት አብዛኞቹ የአስተያየት መለኪያዎች፣ ከማረፉ ሰሞን በቀር፣ አሜሪካውያን ወጪው ይገባል ብለው አላመኑም። አፖሎ 11 ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሃ ቤተሰቦችንና በቅሎዎችን ይዘው ወደ ማስወንጨፊያው መጥተው ነበር። የተራበ ልጅ ባለበት አገር ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን ወደ ጨረቃ ይሄዳል አሉ። የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥተው አነጋገሯቸው። አዝራሩን ባለመጫን ድህነትን ማስወገድ የሚቻል ቢሆን አንጫነውም ነበር ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ወገኖች የሚያሳምን ነገር ይዘዋል። እኔ እንደማየው የፔይን መልስ ትክክል ነው፣ ግን ጥያቄውን አይዘጋውም፤ አንድ መንግሥት ፍላጎት ሲኖረው ምን ያህል ማድረግ እንደሚችል አፖሎ ራሱ አሳይቷልና።

ታዲያ ዛሬ ለምን ከበደ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የአፖሎ ኮምፒውተር የሥራ ማህደረ ትውስታ (ሜሞሪ) 4 ኪሎ ባይት ገደማ ነበር። የዛሬ ስልክ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግን የጨረቃ ጉዞ ማነቆ ኮምፒውተር ሆኖ አያውቅም። ከምድር ስበት ለመውጣት የሚያስፈልገው ኃይል በ1969 የነበረው ያው ነው፤ ዛሬም የምናቃጥለው የኬሚካል ነዳጅ ነው። ስልካችን የተሻሻለውን ያህል ነዳጅ አልተሻሻለም።

ሁለተኛ፣ እውቀት ወረቀት ላይ ብቻ አይቀመጥም። የሳተርን 5 ሥዕሎች አሉ። የገጣጠሙት እጆች ግን ጡረታ ወጥተዋል፣ ክፍል የሚያቀርቡት ብዙ ድርጅቶች ተዘግተዋል፣ ፋብሪካዎቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ሦስተኛ፣ ዓላማው ተቀይሯል። የያኔው ሄዶ መመለስ ነበር፤ ከፍተኛው ቆይታ ሦስት ቀን ገደማ ነው። የአሁኑ ዕቅድ ወደ ደቡብ ዋልታ ሄዶ በየጊዜው መመላለስና ረዘም ብሎ መቆየት ነው። ማረፊያውም በግል ኩባንያ ነው የሚሠራው፤ የስፔስኤክሱ ስታርሺፕ ጨረቃ ለመድረስ አስቀድሞ ምድር ምህዋር ላይ በሌሎች በረራዎች ነዳጅ መሞላት አለበት። በ1962 ሁቦልት የተሟገተበት ጥያቄ፣ ማለትም ክብደቱን የት እናስቀምጥ የሚለው፣ ዛሬ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል።

አራተኛ፣ አደጋን የመሸከም ልክ ተቀይሯል። በኅዳር 2022 ሰው ሳይዝ የበረረው አርቴሚስ 1 ጨረቃን ዞሮ በሰላም ተመለሰ። ግን የሙቀት መከላከያ ጋሻው ካልተጠበቀባቸው ቦታዎች ተሸራርፎ ተገኘ። መንኩራኩሩ ባዶ ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ ቢኖሩም ይተርፉ ነበር ተብሏል። ያም ሆኖ ምክንያቱን ለማወቅ ረጅም ምርመራ ተደረገ፣ ቀጣዩ ጉዞም ተገፋ። በ1966 ቢሆን የጊዜ ሰሌዳው ያሸንፍ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

«ፊልም ነው» ለሚለው ድራማው ራሱ መልስ አለው

ስለዚህ ድራማ የማይባለው አንድ ነገር አለ። የጨረቃን ገጽ በስቱዲዮ መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በተግባር ያሳያል። አዘጋጆቹ ካሊፎርኒያ ቱስቲን ውስጥ ያለ፣ ድሮ የአየር መርከብ ይቆምበት የነበረ ግዙፍ አዳራሽ ተጠቀሙ። የጨረቃ ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ነው። ያን ለማስመሰል ተዋናዮቹን በትልልቅ የሂሊየም ፊኛዎች አንጠለጠሏቸው። ይህ ሁሉ በ1998፣ በሆሊውድ ምርጥ ባለሙያዎች ነው።

ውጤቱ ያምራል። ግን የፊልም ቀረጻ አጫጭር ነው፤ ይቆረጣል፣ ይገጣጠማል። ከአፖሎ 15 እስከ 17 የተላለፈው የቴሌቪዥን ምስል ሰዓታትን የፈጀ፣ ከምድር በሚታዘዝ ካሜራ የተቀረጸ ቀጥታ ስርጭት ነው። የጨረቃዋ መኪና ጎማ የሚበትነው አቧራ ደግሞ ሳይንሳፈፍ ቅስት ሠርቶ ወዲያው ይወድቃል። አየር ባለበት አዳራሽ ውስጥ አቧራ ደመና ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ያን መለወጥ አይቻልም። አዳራሹን ሙሉ አየር አልባ ማድረግ ደግሞ ከባድ መሐንዲስነት ነው።

ሌላም አለ። ሶቪየቶች ዝም ብለው አላዩም። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባለበት ሰዓት ሉና 15 የተባለችው ሰው አልባ መንኩራኩራቸው እዚያው ትዞር ነበር፤ በሐምሌ 21 ተከሰከሰች። ሁለቱንም የእንግሊዙ ጆድሬል ባንክ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተከታትሏቸዋል። መደማመጡ የጋራ ነበር። አሜሪካ የሶቪየት የጠፈር መንኩራኩሮችን ምልክት ትሰማባቸው ከነበሩት ጣቢያዎች አንዱ አሥመራ ነበር። ኤርትራ በኢትዮጵያ ሥር ሳለች በቃኘው ጣቢያ ስቶንሃውስ የሚባል ክፍል በሁለት ግዙፍ ሳህኖች ያንን ይሠራ ነበር። እንዲህ ጆሮውን ከፍቶ የሚያዳምጥ ተቀናቃኝ ያለበት ዓለም ላይ የሬዲዮ ምልክቱ ከጨረቃ አልመጣም ቢባል ለመጮህ የመጀመሪያው ሞስኮ ይሆን ነበር።

ዛሬም ማስረጃው አልቆመም። በአፖሎ 11፣ 14 እና 15 የተተከሉት መስተዋቶች ከምድር የሚላክ ሌዘር ይመልሳሉ። ናሳ ከ2009 ጀምሮ ያረፉባቸውን ቦታዎች ከላይ አንስቷል፤ የሕንዱ ቻንድራያን 2 መንኩራኩርም አንስቷል። ስድስቱ ጉዞዎች 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር አምጥተዋል፤ የሶቪየት ሮቦቶች ከአንድ ኪሎ በታች፣ የቻይናው ቻንግኤ 5 በ2020 ወደ 1.7 ኪሎ። የተለያዩ አገሮች ላቦራቶሪዎች ያወዳድሯቸዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሆነው ለሚያስሉ፦ አፖሎ 11 ያረፈው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰው ኒል አርምስትሮንግ መሬቱን የረገጠው ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ከ56 ነው።

የዘለለው

ድራማውን የሚተቹ ሰዎች የሚሉት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ትክክል ነው። ፎን ብራውን በጦርነቱ ጊዜ ለናዚ ጀርመን የሠራው ቪ2 ሮኬት «ሚተልባው ዶራ» በተባለው የናዚ ካምፕ እስረኞች በግዳጅ ነው የተመረተው፤ በሺህ የሚቆጠሩም እዚያ ሞተዋል። ይህ ታሪክ ከ12ቱ አንድም ክፍል አላገኘም። የሶቪየት ወገን ተፎካካሪ ሆኖ እንጂ ሰው ሆኖ አይታይም፤ ኤን1 የተባለው የጨረቃ ሮኬታቸው አራት ጊዜ ተሞክሮ አራቱንም ጊዜ የከሸፈበት አሳዛኝ ታሪክ ራሱን የቻለ ድራማ ይወጣዋል።

ሴቶች በብዛት የሚታዩት በ11ኛው ክፍል ነው፤ እሱም ስለ ሚስቶች ነው። ሳሊ ፊልድ ያዘጋጀችው ይህ ክፍል ጥሩ ነው፤ ሁሌም ፈገግ በይ የተባለች ሴት በሩ ላይ ካሜራ ቆሞ ሬዲዮውን እያዳመጠች ምን እንደምትሆን ያሳያል። ግን የበረራ ሶፍትዌሩን ቡድን የመራችው ማርጋሬት ሃሚልተን፣ በአፖሎ 8 ጊዜ የመመለሻ መንገዱን ስሌት የሠራችው ፍራንሲስ ኖርዝከት፣ በአፖሎ 11 ማስወንጨፊያ ክፍል ብቸኛዋ ሴት የነበረችው ጆአን ሞርጋን ክፍል አልተሰጣቸውም። ጥቁር የሒሳብ ባለሙያዎቹም፣ ካትሪን ጆንሰንን ጨምሮ፣ እንዲሁ።

ለአዘጋጆቹ የሚሟገቱት ድራማው የተሠራው በ1998 ነው ይላሉ፤ የእነዚህ ሴቶች ታሪክ በሰፊው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በከፊል ያስኬዳል። ካምፑ ግን በ1998 የታወቀ ነበር። የሳተርን 5ን ፕሮግራም የመራው አርተር ሩዶልፍ በዚያው ካምፕ ጉዳይ በ1984 አሜሪካን ለቆ ሄዷል። ስለዚህ ያ መረጃ በማጣት የመጣ ክፍተት ሳይሆን ምርጫ ነው።

የእነዚህ ምርጫዎች ውጤት ዛሬ ይታያል። በ2023 ለአርቴሚስ 2 የተመረጡት አራት ሰዎች ስም ሲነገር፣ ቪክተር ግሎቨር ጥቁር፣ ክሪስቲና ኮክ ሴት መሆናቸው ብዙ ክርክር አስነሳ። «ለምን ይህ ይነሳል?» ያሉ ነበሩ። የሚነሳው እስከዚያ ድረስ ወደ ጨረቃ የተጓዙት 24ቱም ሰዎች ነጭ ወንዶች ስለነበሩ ነው። ሁለቱ የተመረጡት የረጅም ጊዜ የጠፈር ጣቢያ ልምድ ይዘው ነው፤ ኮክ በአንድ ጉዞ 328 ቀን ቆይታለች። የመጀመሪያዎቹ ጠፈርተኞች የምርጫ መስፈርት የወታደር ሙከራ አብራሪነት ስለነበር፣ ያ በር ለእሷ ዓይነት ሰው ከመጀመሪያውም ዝግ ነበር። ድራማው ያንን በር አያሳየንም፤ በሩ ውስጥ የነበሩትን ግን እንደ ሠራተኛ፣ ከነስህተታቸውና ከነጭቅጭቃቸው፣ ያሳየናል። ጊዜ ያጠረው ሰው ሁለተኛውንና አምስተኛውን ክፍል ቢመለከት፣ የሚቀጥለው የመዘግየት ዜና ሲመጣ ምን ዓይነት ችግር ሊሆን እንደሚችል በራሱ መገመት ይጀምራል።